ኮሌታ መሪ ጨበጠች

እናቷ ያወጣችላትን ስም ፋብሪካው ውስጥ የሚያውቀው ደሞዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። ሌላው ሰው ሁሉ «ኮሌታ» ነው የሚላት። ለምን ቢሉ፣ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰፋችው የሸሚዝ ኮሌታ ነዋ! እጅጌ አይደለም፣ ኪስ አይደለም፣ ቁልፍ አይደለም፤ ኮሌታ። የልብስ ፋብሪካን ከውጭ የሚያይ ሰው አንዷ ሴት ቁጭ ብላ አንድ ሸሚዝ ሰፍታ የምትጨርስ ይመስለዋል። ወዲያ! እዚያ ቤት አንድ ሸሚዝ በስንትና ስንት ሰው እጅ ነው የሚያልፈው። አንዷ ትከሻ ታጋጥማለች፣ አንዷ እጅጌ ትተክላለች፣ ኮሌታ ኮሌታዋን ሰፍታ ወደ ግራዋ ትወረውራለች፤ ከዚያ ወዲያ ሸሚዙ የት እንደገባ አታውቅም። ማን ለበሰው፣ ማን አላበበት፣ የሷ ጉዳይ አይደለም።

አንድ ቀን ታዲያ ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ ድምፅ ማጉያው ላይ እፍ እፍ አለና «እናንተ የዚህ ድርጅት የጀርባ አጥንት ናችሁ» ብሎ ጀመረ። ኮሌታ አጠገቧ ወደተቀመጠችው ኪስ ሰፊ ጠጋ ብላ «አለቀልን» አለቻት። እውነትም አለቀላቸው። ትእዛዝ ቀንሷል፣ አዲስ ማሽን ገብቷል፣ ምን ቅጡ፤ ከሰዓት በኋላ ግማሹ ሠራተኛ ዕቃውን በፌስታል ይዞ በር ላይ ቆሟል። የጀርባ አጥንቱን አውጥቶ ጥሎ ድርጅቱ በምን እንደሚቆም እንግዲህ ሥራ አስኪያጁ ይወቀው።

ኮሌታ ከአንዲት ልጇ ጋር የምትኖረው በታላቅ ወንድሟ ግቢ፣ ከኋላ በኩል ባሉት ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። ባሏ ልጅቷ ገና ዳዴ ስትል «መጣሁ» ብሎ እንደወጣ ነው፤ እስከ ዛሬም እየመጣ ነው። ያን ጊዜ ወንድሟ ክፍሎቹን ሰጣት፤ ኪራይ የሚባል ነገር አንስቶባት አያውቅም። «ጋሼ» ትለዋለች። ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ ሥራውን ተወ እንጂ ዳይሬክተርነቱን አልተወም። ግቢው ውስጥ ማን መቼ እንደሚነሳ፣ ማን ምን እንደሚማር፣ የትኛው አምፖል መቼ እንደሚጠፋ የሚወስነው እሱ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን እኮ ይቀል ነበር። ደግ ሆኖ ነው መከራ የሚያሳየው።

«አይዞሽ» አላት ወሬውን ሲሰማ። «እጅሽ ላይ ሙያ አለ። ሙያ ያለው ሰው ወድቆ አይወድቅም።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የማውቀው ኮሌታ ብቻ ነው።»

«ራስሽን አታሳንሺ!»

ትሕትና መሰለው። ለሰፈሩም ትሕትና መሰለው። ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤቱ ሁሉ ጨርቅ በብብቱ ይዞ ደጇ ላይ ተኮለኮለ፤ አንዱ ሱሪ ይጠርልኝ ይላል፣ አንዷ ለልጄ ዩኒፎርም ትላለች። ጋሼ ደግሞ ከጡረታው ያጠራቀመውን አውጥቶ የልብስ ስፌት መኪና ገዛ፤ አሸክሞ አምጥቶ መስኮቷ ሥር አስቀመጠላት። በሯ ላይም በገዛ እጁ «ልብስ ስፌት» ብሎ በትልቁ ጻፈበት። እሷን ግን የጠየቃት የለም።

ኮሌታ አልሞከረችም አይባልም። ለዳቦ ሻጯ ጎረቤቷ ቀሚስ ሰፋች። ሴትዮዋ ለብሳው መስታወት ፊት ስትቆም አንደኛው እጅጌ ክርኗ ላይ ቀርቷል፣ ሌላው ጣቷን ሸፍኗል፤ ቀኝ እጇን ባነሳች ቁጥር ቀሚሱ በሙሉ አብሯት ይነሳል። ዳቦ ሻጯ ራሷን ዝም ብላ አየች፣ አየችና፣ ሰው ማስቀየም ስለማትወድ፣ «ኮሌታው ግን ሲያምር!» አለች። ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላ ግን ኮሌታ በሯን ዘግታ የምሯን አለቀሰች። አርባ አራት ዓመቷ ነው። አንድ ነገር ራሷ ጀምራ ራሷ ጨርሳ «ይኸውላችሁ» ብላ አታውቅም። ያንገበገባት ይኼ ነው፤ ከሥራ መባረሩ እንኳን እንዲህ አላንገበገባትም።

በነጋታው «ክር ልግዛ» ብላ ወጣች። ክር አልገዛችም። ፊት ለፊቷ በቆመው አውቶቡስ ገብታ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ሰው ገባ፣ ሰው ወረደ፤ ተማሪው ወረደ፣ ነርሷ ወረደች፣ ቆርቆሮ የያዘው ሰውዬ ከረዳቱ ጋር ተጨቃጭቆ ወረደ። መጨረሻ ላይ እሷ ብቻዋን ቀረች። ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋና ዞሮ አያት።

«እናቴ፣ መጨረሻው ነው። ደርሰናል።»

ደርሰናል! ይህ ሰው ይህችን ቃል በቀን ስንቴ ነው የሚናገራት? ኮሌታ ቅናት አንጀቷን አቃጠላት። እንዲህ ዓይነት ሥራ አለ ለካ፤ የሚጀመርበት ቦታ ያለው፣ የሚያልቅበትም ቦታ ያለው።

«ይህን ነገር መንዳት ይከብዳል?» አለችው።

ሹፌሩ መጀመሪያ አውቶቡሱን፣ ቀጥሎ እሷን አየ። «መንዳቱስ አይከብድም። የሚከብደው ሰዉ ነው።»

«ሰው እችላለሁ» አለች ኮሌታ።

በዚያው አውቶቡስ ተመለሰች። ስትመለስ ግን በመስኮቱ ወደ ውጭ አላየችም፤ ከሹፌሩ ኋላ ቆማ እጁንና እግሩን ስትመለከት ነው የመጣችው።

ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነገር ሰፈሩን ጉድ አሰኘ። የስፌት መኪናውን ሸጠችው! ሸጠችና የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛ ገብታ ተመዘገበች። ዳቦ ሻጯ ይህን ስትሰማ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና «መኪና ሸጠሽ መኪና ልትነጂ?» አለቻት፤ ቀልዱን ቀኑን ሙሉ ለገዢው ሁሉ ስታወራው ዋለች።

ጋሼ መስኮቱ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ ሲያይ ክው አለ።

«የት ሄደ?»

«ሸጥኩት።»

«ለምን?»

«ሹፌር ልሆን። የአውቶቡስ።»

ጋሼ ሳቀ። እሷ እንደማትስቅ ሲያይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ተቀምጦም አልሆነለትም፤ ተነሳ።

«አብደሻል? በዚህ ዕድሜሽ? እኔ ያስተማርኩት ልጅ ያልሞላበት መንገድ አለ? ‹የዳይሬክተሩ እህት አውቶቡስ ትነዳለች› ሲሉኝ ምን ልበል? እኔ ምን አልኩሽ? ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ሥሪ ነው ያልኩሽ!»

«ሹፌርም እኮ ቁጭ ብሎ ነው የሚሠራው፣ ጋሼ።»

ይህችን ባትላት ይሻል ነበር። አለቻት፤ አፏ ቀደማት። ጋሼ ደሙ ፈላ። ጣቱን ቀስሮ፣ ድምፁን ግን ዝቅ አድርጎ፣ «ስሚኝ» አላት። «መሪ ጨብጠሽ ደሞዝ የበላሽ ቀን ይህን ግቢ ለቀሽ ትወጫለሽ። ወይ እዚህ ትኖሪያለሽ፣ ወይ ሹፌር ትሆኛለሽ። ምረጪ።»

ኮሌታ በልቧ አሰላችው። ልጇ ኮሌጅ ለመጨረስ ገና ነች። ከዚህ ቤት ሌላ የኔ የምትለው ጣሪያ የላትም። ጋሼ ደግሞ ያለውን የሚያደርግ ሰው ነው።

«የመኪናውን ገንዘብ ከደሞዜ እመልስልሃለሁ» አለች።

«ገንዘቡን ማን ጠየቀሽ!» ብሎ በሩን ወርውሮት ሄደ።

ልጇ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። «እማዬ፣ እውነት ልንወጣ ነው?»

«ዘጠኝ ሞት መጣ ቢለው አንዱን ግባ በለው፣ አሉ» አለች ኮሌታ፣ ፈገግ ለማለት እየተፍጨረጨረች።

ልጅቷ የፈለገችው ተረት አልነበረም፤ ቤት ነው። አኮረፈች። ለጥቂት ቀን እናትና ልጅ በ«እሺ» እና በ«የለም» ብቻ ተነጋገሩ። አንድ ጠዋት ግን ልጅቷ የመንገድ ምልክቶቹን መጽሐፍ ከጠረጴዛ ላይ አነሳችና ገጹን በእጇ ሸፍና፣ ኩርፊያዋም ሳይለቃት፣ «ይኼ ምንድነው?» አለቻት። ኮሌታ ተሳሳተች። «እንዲህ ሆነሽ ነው ከቤት የምታስወጪኝ?» አለቻት ልጇ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ሻይ እየጠጡ ትፈትናት ጀመር።

ማሠልጠኛው ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ልጇን የሚያካክሉ ናቸው። «ማዘር» ይሏታል። አሠልጣኙ ቀጭን፣ አፉ እሳት የሆነ ሰው ነው። «ማዘር፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ! ቀስ አልኩ እኮ! እንቁራሪት ነው እንዴ የምትነጂው?» ይላታል መኪናው እየዘለለ ሲቆምባት። ኋላ የተቀመጡት ልጆች ይንከተከታሉ። ኮሌታ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ሞተሩን እንደገና ታስነሳለች። አስራ ዘጠኝ ዓመት የማሽን ጩኸት የሰማ ጆሮ ለልጆች ሳቅ አይበረግግም።

የፈተናው ቀን ግን ጉድ ሆነች። ዳገት ላይ ሞተሩ ጠፋባት። መኪናው ወደ ኋላ ሲንሸራተት ፈታኙ የበሩን እጀታ በሁለት እጁ ጨብጦ የማያውቀውን ጸሎት ጀመረ። ወደቀች። ወሬው ከሷ ቀድሞ ቤት ገባ።

ጋሼ መጣ። ሊዘባበትባት መስሏት ተዘጋጅታ ነበር፤ እሱ ግን በሩ ላይ ቆሞ በለሆሳስ «ሞከርሽ፤ መሞከር አያሳፍርም» አላት። «ሌላ የስፌት መኪና እገዛልሻለሁ። ያልኩሽንም ትቼዋለሁ። እንደ ድሮው እንሁን።»

ከቁጣው ይልቅ ይኼ ከበዳት። እውነቱን ለመናገር፣ እሺ ልትል ከንፈሯ ተንቀሳቅሷል። ደክሟታል፤ እግሯ ያብጣል፤ ሁሉም ሰው ስቆባታል። እሺ ብትል የሚቀራት ነገር የለም፤ ቤቱም ወንድሟም ይመለሱላታል። ግን ወደዚያች መስኮት ሥር ተመልሳ ስትቀመጥ ራሷን አሰበች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የመረረኝ ድሮው ነው» አለችው።

ጋሼ በሩን መልሶ ዘግቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ አሠልጣኙ «ከእንግዲህ ሌላ ዳገት ከየት ላምጣልሽ?» እስኪላት ድረስ ዳገት ለዳገት ዋለች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ትንሹን መንጃ ፈቃድ አገኘች። ትልቁንም አስከትላ አገኘች። የከተማው አውቶቡስ ድርጅት ሹፌር ሲፈልግ ቀድማ ሄዳ ተፈተነችና ተቀጠረች። እሰይ! ዳቦ ሻጯ እንኳን ቀልዷን ትታ እልል አለች።

ጋሼ ብቻ ፊቱን አልፈታም። «ቃሌ ቃል ነው» አላት።

«አውቃለሁ» አለች። «የኔም እንደዚያው ነው።»

አውቶቡስ ማደሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራየች። ጠባብ ናት፤ አልጋው ሲገባ ሰው ይወጣል። የምትወጣበት ቀን አሠልጣኙ ፒክአፑን አዋሳት፤ «ራስሽ ጫኚ፣ ራስሽ ንጂ፤ ከጫርሽው ግን አላውቅሽም» ብሎ። አልጋውን፣ ፍራሹን፣ ቁም ሳጥኑን፣ ድስትና ሳህኑን ከልጇ ጋር ጭነው በገመድ አሰሩት። ጋሼ በረንዳው ላይ ቆሟል። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ክራቫት አስሯል።

«እንግዲህ ሄድሽ።»

«ሄድኩ።»

«ዛሬ ከወጣሽ የምትመለሺ እንዳይመስልሽ።»

«እመለሳለሁ እንጂ! እንግዳ ሆኜ እመጣለሁ። ለእንግዳ ወንበር ነው የሚሰጡት፣ የስፌት መኪና አይደለም።»

ጋሼ ከንፈሩን ነከሰ፤ ሊስቅ ይሁን ሊቆጣ አልታወቀም። ኮሌታ ወደ መኪናው ከሄደች በኋላ ተመለሰችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ጋሼ፣ አንተ ነህ ያሳደግከኝ። ቤትህን ሰጥተኸኛል፣ አንድ ቀን ፊትህን አላጠቆርክብኝም። ግን እስከ ዛሬ ‹ምን ትፈልጊያለሽ?› ብለኸኝ አታውቅም።»  መልሱን አልጠበቀችም፤ ሄዳ መሪው ላይ ተቀመጠች።

የግቢው በር ለመኪና ጠባብ ነው፤ ያውም በኋላ ማርሽ ነው የሚወጣው፤ ወጥቶ ደግሞ ትልቁ መንገድ ላይ ነው የሚደቀነው። ኮሌታ ቀኙን ስፖኪዮ አየች፣ ግራውን አየች፣ ማርሹን አስገባች። ጋሼ ከበረንዳው ወርዶ በጎኗ ፈጠን ብሎ ሲያልፍ አየችው። «በሩን ሊዘጋብኝ ነው» ብላ ፍሬኑን ረገጠች። እሱ ግን በሩን አልፎ ሄደ። መንገዱ መሀል ገባና ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘርግቶ፣ የሚመጣውን መኪና ሁሉ ገትሮ ቆመ።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጥሩምባውን አምባረቀና አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «አባት፣ ከመንገድ ዞር በሉ!» ብሎ ጮኸ። ሱቅ ያለው ከሱቁ ወጣ፣ ዳቦ ሻጯም ወጣች፤ ጋሼ ያስተማራቸውም ያላስተማራቸውም ሰዎች ቆመው ያዩ ጀመር። ጋሼ ያኔ በዚያ፣ ስንት ትውልድ ተማሪ ሲርድለት በኖረው ድምፁ፣ ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣

«አትጩህ! ታገስ! እህቴ እየነዳች ነው!» አለ።

ፒክአፑ የበሩን ምሰሶዎች ሳይነካ ወጣ።

«እማዬ!» አለቻት ልጇ፣ ክንዷን ይዛ። «ጋሼ ያለውን ሰማሽ?»

«ሰምቻለሁ» አለች ኮሌታ። እንባዋ በጉንጯ እየወረደ መሪውን አዞረች። «አሁን አታናግሪኝ፤ እየነዳሁ ነው።»