ዓሣዋ እንቁላሏን የቀበረችበት ጠጠር

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ አላውቅም፤ የአንድ ዓሣ ነገር ነው። ዛሬ ባዮሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ መምህራችን ብራውን ትራውት የሚባለውን ዓሣ ሆድ ሲሰነጥቅ ሽታው በውጭ አገር ወዳደግኩባት ወደ እንግልውድ ከተማ ወንዝ መለሰኝ። ዘሩ ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ይወዳል፤ በመጸው ሴቷ ጠጠሩን በጅራቷ ቆፍራ እንቁላሏን ትቀብራለች አለን።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ዝዋይ ላይ ዓሣ አጥምደው ልጆቻቸውን ያሳደጉት አያቴ መንጠቆአቸውን ይዘው፣ ወንዙ ዳር የተተከለ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ አሳዩኝ።

«እስቲ አንብቢልኝ፣ የኔ ፈረንጅ።»

በርዶኝ ስለነበር ሳላነብ፣ «ኦኬ ነው አባባ፣ ይግቡ» አልኳቸው።

ጠጠሩን እየረገጡ ውሃው ውስጥ ገቡ። ወዲያው አንድ ጠባቂ መጥቶ፣ ማስታወቂያው ይከለክላል፣ የዓሣ እንቁላል ላይ ቆመዋል ብሎ በእንግሊዝኛ ጮኸባቸው። አስተርጓሚዋም እኔው ነበርኩ። አያቴ ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩ።

«ዝዋይም እኮ ዓሣ ሲወልድ መረብ አንጥልም ነበር» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጅቷ አንብባልኝ ነበር፣ እኔ ነኝ አልሰማ ያልኩት በይው።»

አንድም ቃል ሳልለውጥ ተረጎምኩት።

ዛሬ ጓደኞቼ እንቁላሉን በጓንት ሲነኩ፣ ማስታወሻ እጽፋለሁ ብዬ ወደ ኋላ ቀረሁ። አያቴ ከዚያ ወዲያ ወንዝ አልወረዱም። መንጠቆአቸውን ለጎረቤት የሰጡት በዚያው ዓመት፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ነው።