ከተማ ሙሉ የዋሸላት ልጅ

ጋምቤላ ውስጥ ምስጢር ዕድሜ የለውም። ጠዋት ባሮ ድልድይ ላይ ሁለት ሰዎች የተንሾካሾኩትን ረፋዱ ላይ የባጃጅ ሾፌሮች ከነማሻሻያው ያውቁታል፤ ከሰዓት ኢታንግ ይገባል፣ ሲመሽ ትየርኪዲ የስደተኞች ካምፕ ደርሶ በሦስት ቋንቋ ይተረካል። እንዲህ ያለችው ከተማ አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ አራት ዓመት ሙሉ አፏን ዘግታ ያዘች፦ ሐናን የምትባል ልጅ እናቷ እንዴት እንደሞተች እንዳትሰማ።

ሐናንን የምታሳድጋት አክስቷ ሪድዋና ናት። ሪድዋና በክልሉ ምክር ቤት ክበብ ውስጥ ሻይ ታፈላለች። የክልሉ ሕግ ሁሉ በእሷ ሻይ ተወራርዶ ነው የሚጸድቀው። የተከበሩትን አባላት ከስማቸው ይልቅ በስኳራቸው ትለያቸዋለች። የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ኛጉዋ ሙቀቱ አርባ ሲገባ እንኳ ያለ ስኳር፣ የሚፋጀውን ይጠጣሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ከኢታንግ ተመርጠው የመጡት አቶ ጋትደት ግን ስድስት ማንኪያ ነው፤ እሳቸው ስኳሩን ሻይ ያስነኩታል እንጂ ሻይ ጠጡ አይባልም።

የሪድዋና ታናሽ እህት ዘሃራ ልብስ ሰፊ ነበረች። ገበያው ጀርባ ያለችውን ቤት፣ ከፊት ሱቅ ከኋላ ሁለት ክፍል አድርጋ፣ በገዛ መርፌዋ አቆመች። ባሏ ሙስጠፋ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እዚያው ቤት ውስጥ ገደላት። ፍርድ ቤቱ ምክንያቱን ሁለት ቀን ሙሉ ሰማ፤ ሪድዋና ሁለቱንም ቀን ተቀምጣ ሰማች፤ እስካሁን አልገባትም። አሥራ ስድስት ዓመት ተፈረደበት።

ሐናን ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ የዚያን ቀን ከአክስቷ ጋር ነው የዋለችው። “እማዬስ?” ስትል፣ “ታማ ሞተች” አለቻት ሪድዋና። “አባዬስ?” ስትል ደግሞ አፏ ላይ የመጣላት ጁባ ነበረች። “ለሥራ ጁባ ሄደ።”

ውሸቱ ከዚያ በኋላ የከተማው ሆነ። ዒድ በመጣ ቁጥር ሪድዋና ቀሚስ ገዝታ “አባትሽ ላከልሽ” ትላለች። ከጁባ የተመለሰ ሾፌር ሐናንን መንገድ ላይ ካገኛት፣ “አባትሽን አየሁት እኮ! ወፍሯል!” ሳይላት አያልፍም። ዳቦ ሻጯ ጨመረች፣ ጫማ ጠጋኙ ጨመረ። ማረሚያ ቤት በቀን ሦስት ጊዜ የሚቆጠረው ሙስጠፋ፣ በጋምቤላ ሰው አፍ ጁባ ላይ ባለ አራት ፎቅ ሠርቶ ሁለት የጭነት መኪና ገዛ። አንዷ ጎረቤትማ አውሮፕላን ልታስገዛው ስትል ሪድዋና ናት በዓይኗ የከለከለቻት።

የአባቷ ስም እንዲህ እየወፈረ ሲሄድ የእናቷ ስም ግን ከሰው አፍ ጠፋ። ስሟ ከተነሣ አሟሟቷ ይከተላል ብለው ሁሉም ፈሩ። ሐናን “እናቴ ምን ትመስል ነበር?” ስትል ሰው ሁሉ ድንገት ሥራ ይበዛበታል።

ዘንድሮ ግን አብዱልባሲጥ መጣ፤ የሙስጠፋ ወንድም ነው። ሜትር የያዘ ሰው አስከትሎ የዘሃራን ቤት ያስለካል። ሪድዋና በሩጫ ደረሰች።

“ምን እያደረግህ ነው?”

“እየሸጥኩ።”

“የማንን ቤት?”

“የሐናንን። ሪድዋና፣ እኔ ከሕግ አንድ ስንዝር አልወጣሁም” አለና ወረቀት ዘረጋላት። ውክልና ነው፤ ሙስጠፋ ከማረሚያ ቤት ፈርሞበት፣ ማኅተሙ እንደ ጥቅምት ጨረቃ ደምቆ።

ፍርድ ቤት ሄደች። የመዝገብ ቤቱ ልጅ ትሑት ነበር፤ አስቀምጦ አስረዳት። “ገዳይ የገደለውን አይወርስም፤ ይህ ግልጽ ነው። ወራሿ ሐናን ናት።”

“አልሐምዱሊላህ።”

“ሐናን ግን ሕፃን ናት። ለሕፃን የሚፈርመው ሞግዚቷ ነው።”

“ሞግዚቷ ማነው?”

ልጁ እስክሪብቶውን አገላበጠ። “አባቷ።”

ሕጉ ሰውየውን በበር አስወጥቶት፣ የሐናንን እጅ ይዞ በመስኮት ሲገባ ዝም ብሎ ያየዋል። “መክሰስ ትችያለሽ” አላት የመዝገብ ቤቱ ልጅ፣ “ግን ዓመት ይፈጃል።” ገዢው ዓመት አይጠብቅም።

ይህን ለወይዘሮ ኛጉዋ የነገረቻቸው ከክበቡ ባንኮኒ ማዶ ሆና ነው። ወይዘሮ ኛጉዋ ብርጭቆውን አስቀመጡ። እሳቸው የሚመሩት ኮሚቴ ረቂቅ ሕግ ይዟል፤ አንዱ አንቀጽ ከሁለት ወላጆች አንዱ ሌላውን ከገደለ በልጁም በልጁ ንብረትም ላይ ያለው ሥልጣን በዚያው ይቋረጣል ይላል።

“በሕዝብ መድረክ ተናገሪ” አሏት። “በሬዲዮ በቀጥታ ይተላለፋል። ሰው ሁሉ ይሰማል።”

“እሱማ ነው ችግሩ፣ ወይዘሮ ኛጉዋ። ሐናንም ሰው ናት።”

ወይዘሮ ኛጉዋ ብዙ አላስጨነቋት። “እሺ እህቴ። ያላንቺ እንሞክራለን።”

ሞከሩ። ሪድዋና ክርክሩን ክበቡ ጣሪያ ላይ ከተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ሰማችው። አንዱ “ወላጅ” የሚለው የእንጀራ አባትን ይጨምራል ወይ ብለው አርባ ደቂቃ ተናገሩ። ሌላው የእናት ወገን ልጅ ካስቀረ ለጥሎሽ የተሰጠው ከብት ምን ሊሆን ነው ብለው ጠየቁ፤ በዚህ ላይ ያልተናገረ አባል አልነበረም፣ ከብቶቹ ብቻ ናቸው ዕድል ያልተሰጣቸው። በመጨረሻ አቶ ጋትደት ተነሡ።

“ይሄ ሕግ ጥሩ ነው። ግን የሌላ አገር ነው። ጋምቤላ ውስጥ ሚስቱን ገድሎ የልጁን ቤት የሚሸጥ ሰው የት አለ? ለሌለ በሽታ መድኃኒት አንገዛም። አለ የምትሉ፣ አንድ ሰው አቁሙልኝ። አንድ!”

ከተማውን የሚያውቅ አባል ሁሉ ያውቃል። ግማሹ የዘሃራ ጀናዛ ላይ ነበር፤ ሁሉም በየቀኑ ከእህቷ እጅ ሻይ ይቀበላል። አንዱ እንኳ አፉን አልከፈተም። ሬዲዮው ክፍት ነዋ፤ ልጅቷ ትሰማለች። አቶ ጋትደት ደግሞ ውሸታም አልነበሩም፤ ከተማው ምስጢሩን አጥብቆ ከመያዙ የተነሣ ለእሳቸው የነገራቸው አልነበረም። አፈ ጉባኤው ማስረጃ ካልቀረበ አንቀጹ ነገ ሦስት ሰዓት ላይ እንዲወጣ ድምፅ ይሰጥበታል ብለው ስብሰባውን በተኑ።

ሪድዋና ሽርጧን አውልቃ ወደ ቤቷ ሄደች። ሐናን ማንጎው ሥር የቤት ሥራዋን ትሠራለች። ሪድዋና አጠገቧ ተቀመጠች።

“ሐናን፣ አባትሽ ጁባ አይደለም።”

“ካምፓላ ገባ?” ዓይኗ በራ።

“አይ። እዚሁ ነው። ማረሚያ ቤት።”

“ምን አድርጎ?”

ሪድዋና መንገድ ላይ ያዘጋጀችው ብዙ ነገር ነበር። ሁሉም ጠፋባት፤ ባጭሩ ነገረቻት። ልጅቷ እርሳሷን ደብተሩ መሐል አድርጋ ዘጋችው።

“ቀይ ጫማውን የላከው ማነው?”

“እኔ ነኝ የገዛሁት።”

“ቦርሳውንስ?”

“እኔ።”

“‘በርቺ የኔ አንበሳ’ ብሎ የጻፈልኝስ?”

“መምህርሽን ለምኜ አስጻፍኩት። የእኔን ጽሑፍ ታውቂዋለሽ ብዬ።”

ሐናን የዘጋችውን ደብተር ወደ ደረቷ አስጠጋች። ከዚያ ትንሽ በሆነ ድምፅ፣ “እንግዲያው እሱም የለም” አለች።

ሪድዋና ልታቅፋት እጇን ዘረጋች። ልጅቷ አልሸሸችም፤ አልተጠጋችምም። የእህቷን አስከሬን ያጠበችው ሪድዋና፣ በዚያ ሰዓት የተሰማት እሷም በእጇ ሰው የገደለች ያህል ነው። አራት ዓመት በቀሚስና በጫማ ያሳደገችው ያ ደግ አባት ማንጎው ሥር ወደቀ፤ ለእሱ የሚለቀስበት ወግ ደግሞ የለም።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሻይ አልነበረም። ሻይ አፍዪዋ አዳራሹ መሐል፣ ማይክሮፎን ፊት ቆማለች።

“አንድ ሰው አቁሙልኝ ብለዋል፣ አቶ ጋትደት። እኔ አለሁ። የሞተችው እህቴ ዘሃራ ናት። የገደላት ባሏ ነው። ቤቷ አሁን በእሱ ፊርማ እየተሸጠ ነው። ልጇ ትናንት ከእኔ ሰምታለች፤ እንግዲህ ከማንም የምደብቀው የለኝም።”

ገበያው ላይ ባጃጆች ሞተር አጠፉ። ጋምቤላ ያንን ያህል ዝም ብላ አታውቅም፤ የባሮ ውኃ ሲሄድ ከአዲስ ሰፈር ተሰማ ያለ አለ።

አቶ ጋትደት ተነሡ። ወደ ሪድዋና ዞሩ። “ሁልጊዜ ሻይ ትሰጪኛለሽ” አሉ፤ “እኔ አንድ ቀን ቤትሽን አልጠየቅኩም። የተናገርኩትን ሰርዣለሁ። ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ገድሎ የታሰረውንም እንዲመለከት ብላችሁ ጻፉበት።” አንቀጹ ከነጭማሪው አለፈ። አብዱልባሲጥ ሜትረኛውን ይዞ ከመንደሩ የጠፋው አዋጁ ታትሞ ሳይወጣ ነው።

ሪድዋና ወደ ቤት ስትመለስ ግቢው በሰው ተሞልቶ አገኘችው። ያለ ጠሪ መጥተዋል። ዘሃራ ስትቀበር ሕፃኗ እንዳትሰማ ተብሎ ጮክ ብሎ ያለቀሰ አልነበረም፤ አሁን ሬዲዮው ሲናገር ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወጡ። ሰው ከሞተ ከሦስት ቀን በኋላ ለቅሶ አይቀመጡም ብሎ ሊገሥጽ የመጣው ሼኽ፣ ሐናንን ሲያያት ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

ሐናን መሐል ተቀምጣለች፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ እንደ ትልቅ ሰው “አላህ ያጽናሽ” የሚላትን ሁሉ በሁለት እጇ ትጨብጣለች። ጨብጣ ግን አትለቅም።

“እናቴን ያውቋት ነበር?”

አራት ዓመት የታፈነ ነገር በአንድ ከሰዓት ወጣ። ጨርቅ ነጋዴው ሙሐመድኑር፣ “በአንድ ክንድ ጨርቅ ከእኔ ጋር ግማሽ ቀን ተከራክራ፣ መጨረሻ ላይ እሷው ታዝንልኝ ነበር” አለ። አንዷ፣ “ለልጆቼ ዩኒፎርም ስትሰፋ እንዲያድጉበት ብላ ታሰፋው ነበር፤ ታናሽየው ጆንያ ውስጥ እንደገባ ድመት ነበር የሚመስለው” ስትል፣ ለቀስተኛው ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። ሐናን አላለቀሰችም። አንዲት ቃል እንዳታመልጣት የእያንዳንዱን አፍ ታያለች። ሪድዋና በሩ ጋ ቆማ ልጅቷ ወደ እሷ እንድትዞር ጠበቀች፤ አልዞረችም።

ወደ ማታ ገደማ አቶ ጋትደት ከወይዘሮ ኛጉዋ ጋር መጡ። ረጅም ሰው ናቸው፣ በሩን ጎንበስ ብለው ገቡ። ሐናን እጃቸውን ያዘች።

“እናቴን ያውቋት ነበር?”

“አላውቃትም፣ ልጄ” አሉ። “ይቅርታ።”

ሐናን ፊታቸውን አየች። ጠጋ ብላ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀችላቸው።

“ይቀመጡ። እኔ ልንገርዎት።”

ነገረቻቸው። ጨርቅ ላይ ስለመከራከሯ፣ ስለ ሰፊው ዩኒፎርም፣ ስትሰፋ ስለምታንጎራጉረው፣ ቁልፍ በከንፈሯ ይዛ ስለማውራቷ። አቶ ጋትደት አንገታቸውን እያነቃነቁ ሰሙ። ታሪኩ ግን ቶሎ አለቀ፤ ሰው ብርጭቆ ሻይ ሳይጨርስ አለቀ።

“ከዚያስ?” አሉ በቀስታ።

“እስካሁን የነገሩኝ ይህን ነው” አለች።

በሩ ላይ ሌላ ሴት ነጠላዋን እያስተካከለች ትገባለች። ሐናን የአቶ ጋትደትን እጅ ለቅቃ ተነሣች።