ሥጋው የእሱ፣ ቅቤው የእሷ

ባልና ሚስቱ ውላቸውን እንድጽፍላቸው የጠየቁኝ ጋዜጠኛ በመሆኔ ነበር። «አንተ የሁለቱንም ወገን ትሰማለህ» አለኝ ባልየው። አብሮ አደጌ ነው፤ ትውልዱ ዶዮገና፣ ሥራው ሆሳዕና፣ መምህር ነው። ሚስቱ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ሁለት ልጆች አሏቸው። ካቶሊኮች በመሆናቸው ፍቺ የሚለው ቃል ወረቀቱ ላይ እንዲገባ አልፈለጉም። ተለያይቶ ለመኖር መስማማት በሕግም ይቻላል፤ ጋብቻው አይፈርስም። ለምን እንደሚለያዩ አልጠየቅኋቸውም። ለውሉ አያስፈልግም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎናቸው ተቀመጥን። ጠብ ይነሳል ብዬ የጠበቅሁት በቤቱ ጉዳይ ነበር፤ ይህ ግን ሻይ ሳይቀርብ አለቀ። እሷ ከልጆቹ ጋር ትኖርበታለች፤ አይሸጥም፣ በሁለቱም ስም እንደተመዘገበ ይቆያል። እሱ ትምህርት ቤቱ አጠገብ ይከራያል፤ ከደመወዙም ለልጆቹ ቀለብ ይሰጣል። ሞተር ሳይክሉን ለእሱ፣ ፍሪጁን ለእሷ ጻፍኩ።

«በበዓላት ልጆቹ የት ይሆናሉ?» አልኩ፣ ለመጨረስ ያህል።

«ገናና ፋሲካ እዚህ» አለ። «መስቀል ዶዮገና፣ እናቴ ዘንድ።»

«እኔስ?» አለች።

«አንቺማ…» አለ።

መስቀል በእኛ በዶዮገና እንዴት እንደሚደገስ ለማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ጉዳይ ይመስላል። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ እያዋጡ በሬ ይገዛሉ፤ ሴቶቹ በማኅበራቸው ቅቤ ያጠራቅማሉ። ያለ ቅቤው ሥጋው ድግስ አይሆንም። ከተማ የገባው ሁሉ ለዚያ ቀን ወላጆቹ ቤት ይሰበሰባል። ያልታየች ምራት ተባርራለች ይባላል፤ ከተባለ በኋላ ደግሞ ማስተባበል ከባድ ነው።

«ተለያይተን እንኑር አልኩ እንጂ ከዚያ ቤት ልውጣ አላልኩም» አለች። «ልጆቼ የሰው ቅቤ ሲበሉ እኔ እዚህ ተቀምጬ ምን ልበላ ነው? ጎመን?»

«ጎመንሽ ጥሩ ነው።»

«ዛሬ ጥሩ ሆነ? ጨው አነሰው ስትል አልነበር የኖርከው?»

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ እሱ ኮስተር አለ። «አብረን ከገባን እናቴ ታርቀዋል ብላ አልጋ ታነጥፍልናለች።»

«ላንተ ያንጥፉ። እኔ ከእሳቸው ጋር እተኛለሁ።» ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ በመስቀል ይህ ውል አይሠራም ብለህ ጻፍልን።»

እሱን አየሁት። ትከሻውን ሰበቀ። እንዳለችው ጻፍኩ።

ሰኞ ወረቀቱን ለአንድ ጠበቃ አሳየሁት። አንቀጹ ጋ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ጋሼ፣ ውል እኮ የዓመት ፈቃድ አይወጣም» አለኝ። «ያን ቀን አይሠራም ካልን የልጆቹ ቀለብም የቤቱም ነገር አብሮ ይቆማል። ነገ ቢካካዱ ዳኛው ምን ይበል? ይሰረዝና በቃል ይስማሙ።»

እሷ ጋ ደውዬ ያለውን ነገርኳት። «ቃላችን የሚጸና ቢሆን ጠበቃ ጋ ምን ይወስደን ነበር?» አለች። ጠበቃው ከስልኩ ውስጥ ሰማት። ትንሽ አሰበና በራሱ እጅ አስተካከለው፦ ሚስት በመስቀል በዓል ከልጆቿ ጋር በባል እናት ቤት የመገኘት መብት አላት፤ መገኘቷ እንደ ዕርቅ አይቆጠርም።

«‹ቅቤዋን ይዛ› የሚል ይጨመርበት» አለች በስልክ።

«ቅቤ ደግሞ ምን ያደርጋል?» አለ ጠበቃው።

«ባዶ እጇን የገባች እንግዳ ናት።»

ጨመረው። ባልየውም መጥቶ አነበበና አንድም ቃል ሳይለውጥ ፈረመ።

መስቀል ሲደርስ ለሥራ ወደ ሾኔ ስሄድ ሆሳዕና መናኸሪያ አገኘኋት። ዶዮገና የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች፤ ልጆቹ አጠገቧ ናቸው። በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለው ቅቤ ጭኗ ላይ ነው። እሱ ለእርዱ ቀድሞ ሄዷል።

«ውሉን ይዘሻል?» አልኳት።

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አማቴ አማርኛ ስለማይሰሙ ምን ብዬ እንደማስረዳቸው በከምባትኛ እያዘጋጀሁ ነው።» ወደ ሾፌሩ ዞረች። «ወንድሜ፣ አንሄድም እንዴ? አልጋ ሳይነጠፍ መድረስ አለብኝ።»