በሚሞሪ የመጣው ሰላምታ

ባለፈው ሳምንት ረቡዕ ወንድሜ ሰይድ ቤቴ መጣ። ገና ሳይቀመጥ ቁጥሮቿ የተፋፋቁ አሮጌ ስልኩን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ሰሚራ አለች?» አለኝ።

ሰሚራ ልጄ ናት። ደሴ ኮምፒውተር ተምራ ተመልሳ አሁን እዚሁ መካነ ሰላም ከእኔ ጋር ትኖራለች።

«አለች። ምን ታድርግልህ?»

«ላለፈው አረፋ እትዬ ከድጃን ቀርጫት ነበር። ለሐያት ልልከው ብል ስልኳ አልከፍትም አለ። ወደ አዲሱ ዓይነት ትቀይርልኝ።»

እትዬ ከድጃ አክስታችን ናት። የዚያን ሳምንት ሰኞ ቀብረናታል። ሐያት ደግሞ ልጇ ናት፤ ዐረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። የእናቷን ሞት አልሰማችም።

«እናቷ ከሞተች በኋላ ቪዲዮ ምን ያደርግላታል?» አልኩት።

«ኮንትራቷ ሰባት ወር ይቀረዋል። በሰው አገር ብቻዋን ሆና ሰምታ ምን ትሆናለች? ለጊዜው እናቷን አይታ ትረጋጋ። ስትመጣ እዚሁ እንነግራታለን።»

ረጋ ብሎ ነው የተናገረው። ደግ ነገር ለመሥራት የመጣ ሰው ድምፅ ነበረው። ሰሚራን ጠርቶ ስልኩን ሰጣት። ይህንኑ ነገር ከዓመታት በፊት በእኔም ላይ አድርጎታል።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ጅዳ አንድ ትልቅ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። የምተኛው ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ነው፤ የሳሙናው ሽታ ከልብሴ አይለቅም። አንድ ዓርብ ከወግዲ የመጣች ሴት ከቤት የተላከልኝን በሶ አመጣችልኝ። ከረጢቱን ስፈታ የተቆላ ገብስ ሽታ ክፍሉን ሞላው። በበሶው መሐል በወረቀት የተጠቀለለች ሚሞሪ አገኘሁ።

ስልኬ ውስጥ ከተትኳት። መጀመሪያ ሰይድ ወጣ። «ዘይኔ፣ እንደምን ነሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አብሽሪ፣ ምንም አታስቢ» አለ። ከኋላው የታጨደ ማሳና የገብስ ክምር ይታያል። ቀጥሎ እትዬ ከድጃ «ሰላም ነን ልጄ» አለችና ፊቷን መለሰች። በመጨረሻ እናቴ መጣች። በራፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ከጀርባዋ የጓሮው ባቄላ አብቧል።

«ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን ብቻ ትንሽ ያመኛል። ዱዓ አድርጊልኝ» አለች።

ባቄላ የሚያብብበትና ገብስ የሚከመርበት ጊዜ አንድ እንዳልሆነ የማያውቅ የገበሬ ልጅ የለም። እኔም አይቼዋለሁ። ግን አላሰብኩበትም። ያን ያህል የናፈቀ ሰው የሚያየው ፊት እንጂ ማሳ አይደለም።

ስደውል እናቴን አያቀርቡልኝም። አንድ ቀን ገበያ ሄዳለች ይሉኛል። ሌላ ቀን ኔትወርክ የለም። በኋላ ሰይድ «ጆሮዋ ከብዷል፤ በስልክ አትሰማም» አለኝ። አመንኩት። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ለምን ይዋሸኛል?

ዱዓ አድርጊልኝ ብላኝ የለ? በየሰላቱ «ያ አላህ፣ የእናቴን ጉልበት አሽርልኝ፣ አፊያ ስጣት» እል ነበር። ሰኞና ሐሙስ ለእሷ ብዬ ጾምኩ። እመቤቴ የምትቀባውን የጉልበት ቅባት አይቼ አንድ ለእናቴ ገዛሁ። ሚሞሪዋ ከደረሰችኝ በአሥራ አራተኛው ወር ወደ አገሬ ስመለስ ሻንጣ ውስጥ እንዳይፈነዳ ብዬ በእጄ ይዤው ነበር።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር ነው የመጣሁት። መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሚኒባሱ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋነው። አቀስታ ስንደርስ ሰይድ ቆሞ ይጠብቀኛል። ብርዱ ጥርስ ያፋጫል። «ደክሞሻል፤ ዛሬ እዚህ ዘመድ ቤት እንደር» አለኝ። እንሂድ ብዬ ለመንኩት፤ እምቢ አለ። የቤቱ ሰዎች ትኩስ ገንፎ አቀረቡልኝ። ብዪ ብዪ ይሉኛል እንጂ ስለ እናቴ ስጠይቅ ማንም ቀና ብሎ አያየኝም።

ጠዋት ስወጣ ሽማግሌዎች ጥምጥማቸውን አድርገው በአጥሩ ሥር በረድፍ ተቀምጠዋል። ጠዋት በሰው ደጅ እንዲያ የሚቀመጡት ለመርዶ ነው። አንዱ ሸህ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ሲሉ ቅባቱን እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ሰይድ ሁሉንም ነገረኝ። የእናቴን ቪዲዮ የቀረጸው መስከረም ላይ ነበር። ጥቅምት ሳያልቅ ሞተች። የእሱንና የእትዬ ከድጃን ከቀብሯ በኋላ ቀርጾ ፎቶ ቤት ወስዶ አንድ ላይ አስገጠማቸው።

«እኔ ጉልበቷ እንዲሽር ዱዓ ሳደርግ ነው የኖርኩት» አልኩት። «ከአፈር በታች ላለች ሴት። የአላህን ምሕረት፣ ራሕመቱን ስትፈልግ ቅባት ገዛሁላት።»

«እኛ ለምነንላታል። ለአንቺ አዝነን ነው።»

«እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ሽማግሌዎቹ ዝም በይ አሉኝ።

በኋላ አንድ ሸህ ጠየቅኩ። ዱዓ አይጠፋም፣ አላህ ልብሽን ያውቃል አሉኝ። አምኛለሁ፤ ለዚህም አመሰግነዋለሁ። ንዴቴ ከአላህ ጋር ሆኖ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ሳስብ ሰሚራ ኮምፒውተሯን ከፍታ ጀምራለች። የድሮ ስልክ የሚቀርጸው ስሪ ጂፒ ይባላል፤ ኤምፒ ፎር ከሆነ በማንኛውም ስልክ ይከፈታል ብላ አስረዳችን። መጀመሪያ ስትቀይረው ድምፁ ጠፋ። እትዬ ከድጃ አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ ምንም አይሰማም። ሰሚራ ማስተካከያውን ለውጣ እንደገና ሠራችው።

«ምስሉንስ አታጠሪውም?» አላት ሰይድ።

«አይጠራም አጎቴ። ያለውን እንዳለ ነው የሚይዘው።»

በሁለተኛው ድምፁ መጣ። «ሐያትዬ፣ ዒድ ሙባረክ። እኔ ደህና ነኝ» ትላለች እትዬ ከድጃ።

«ጎበዝ፤ በይ ላኪላት» አለ ሰይድ።

«አትላኪ» አልኩ።

«ዘይኔ፣ ልጅቷን ልትገያት ነው?»

«እኔ ብትነግረኝ አልሞትም ነበር።»

«አንቺ ጠንካራ ነሽ።»

«መች አየኸኝና?»

ስልኩን አንሥቶ ወጣ። ቪዲዮው ግን ሰሚራ ጋ ቀርቷል።

ለሐያት ቅርብ የምትሠራ የአቀስታ ልጅ አለች። ደወልኩላትና ዓርብ ሄዳ አብራት እንድትቀመጥ ለመንኳት። መርዶ ብቻውን ላለ ሰው አይነገርም። ከጁምዓ በኋላ ደወልኩ።

«እታለም፣ ምነው በደህና ነው?» አለች ሐያት።

«ተቀመጪ።»

«እናቴ ናት?»

«እናትሽ ናት። ሰኞ ቀበርናት።»

አለቀሰች። አላቋረጥኳትም። የአቀስታዋ ልጅ ስታባብላት ይሰማኛል። ብዙ ቆይታ «አምስተኛ ቀኗ ነው ማለት ነው። አሁን ምን ልበልላት?» አለችኝ።

«አላህ ይርሐማት በያት። ሌላውን ልብሽ ያስተምርሻል።»

እንደዚያው አለች። ከዚያ በኋላ ነው ቪዲዮውን የላክሁላት።

ሰሚራ የእኔንም ሚሞሪ ቀይራልኛለች። «አያቴን ብቻዋን ቆርጬ ላውጣት?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዳለ ተይው አልኳት። እናቴም ትታይ፣ የተሠራብኝም ይታይ።

ሐያት ትናንት ደወለች። የእናቷ ቪዲዮ እንደተከፈተላት፣ ድምፁም እንደሚሰማ፣ በየሰላቱም ራሕመት እንደምትለምንላት ነገረችኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ሰይድ ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልመጣም። ጨካኝ ናት ይላል አሉ። ይበል። ሲመጣ በሬ ክፍት ነው። በእኔ ላይ ያደረገውን ከዓመታት በፊት አፉ ብዬዋለሁ። ራሕመት ያልለመንኩላት እነዚያ አሥራ አራት ወሮች ግን የእናቴ ሐቅ ናቸው፤ እሷን ወክዬ አፉ ማለት አልችልም።