ከኮሪያ የተመለሰው ሰው

ሰውዬው በየሳምንቱ ወደ ኪኑ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ይመጣል። ኮቱን ሰው እንዲያወልቅለት የሚጠብቅ ይመስል ትንሽ ይቆምና፣ የሚቀበለው ሲያጣ ራሱ አውልቆ ያጥፈዋል። ጠጉሩ ሸብቷል፤ ድምፁ ግን አላረጀም። ጦርነቱ ሲያልቅ፣ ኮሪያን በቅኝ ይገዛ የነበረው አገራቸው ተሸንፎ ሲለቅ፣ ከዚያ በመርከብ እንደተመለሰ ከመስማቷ በቀር ኪኑ ስለ እሱ የምታውቀው አልነበረም።

አንድ ቀን ከገንዳው ውስጥ ሆኖ፣ «ውሃው ቀዝቅዟል፤ እሳት ይጨመር!» ብሎ ጮኸ። ወንዶቹንና ሴቶቹን የሚለየው ግድግዳ ጣሪያ አይነካምና፣ ወዲያ ማዶ ትታጠብ የነበረችው ኮሪያዊት፣ ቁራጭ ብረት ለቃሚዋ ቡንሰን፣ ሰማችው። ሳሙናው ከእጇ አመለጣት። ልብሷን ለባብሳ ወደ ኪኑ መጣች።

«እትዬ ኪኑ፣ ይሄ እኮ የአውራጃችን ገዥ ነው። በሰላሙ ጊዜ ድልድይ አሠራልን፤ ሠርጌ ላይ ሳይቀር በልቷል። ጦርነት ሲመጣ መጀመሪያ የናስ ማንኪያችንን ለጥይት መሥሪያ ወሰደ፤ ቀጥሎ ወንድሜን እዚህ አገር ለድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ላከው፤ በዚያው ሞተ።»

«በይ እባክሽ፣ እዚህ ጠብ እንዳታነሺብኝ።»

«ምን ያጣላኛል? የት እንደቀበሩት ብቻ ይንገረኝ። ባሕር የተሻገርኩት እሱን ፍለጋ ነው።» ወጥታ ደጁ ላይ ቆመች።

ሰውዬው ታጥቦ ሲወጣ፣ አንዲት ኮሪያዊት ስለ ወንድሟ ልትጠይቀው ደጁ ላይ እንደምትጠብቀው ኪኑ ነገረችው። ጫማውን አጠለቀ፤ መልሶ አወለቀው።

«ሌላ በር አለሽ?»

«በማገዶ ቤቱ በኩል አለ ጌታዬ፤ ግን ጥላሸት ነው።»

ጫማውን በእጁ እንደያዘ፣ ጎንበስ ብሎ በማገዶው መሃል ሾልኮ ወጣ። ቡንሰን ግን ዝናቡ ሲጀምርም ከደጁ አልተነቃነቀችም፤ ኪኑም ሄዷል ሳትላት ጃንጥላ ይዛላት ወጣች።