ማን ነው ኋላ የቀረው?

ልጅ ሳለሁ አምቦ ውስጥ፣ ከኮብልስቶኑ መንገድ ዝቅ ብላ በምትገኝ ባለ አንድ ክፍል ቤት ከአባቴ እኅት ጋር እኖር ነበር። አዳዳ እላት ነበር፤ በኦሮምኛ የአባት እኅት ማለት ነው። አልጋው፣ ምድጃው፣ ደብተሬ፣ አዳዳ የምትሸጠው እርጎ፣ ሁሉም በዚያችው ክፍል ያድራል። ያኔ መብራት በጠፋ ቁጥር ኩራዙን ታበራና የወይራ እንጨት ጫፉን አፍማ የእርጎውን ቅል እያጠነች ተረት ትነግረኛለች፤ ጢሱ ዓይኔን ቢያቃጥለኝም ከአጠገቧ አልነሣም።

ዘጠነኛ ክፍል ስገባ የባዮሎጂ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ሁለት ሕዋሳት ሳለ። የመጀመሪያው ዩካርዮቲክ ነው፤ ዲኤንኤው ኑክሌየስ በሚባል ክፍል ተከልሏል፣ ሌላውም ሥራ በየሽፋኑ ተለይቷል። እኛም፣ ላሟም፣ ዛፉም ከዚህ ወገን ነን አለን። ሁለተኛው ፕሮካርዮቲክ፣ ባክቴሪያ ነው፤ ዙሪያውን ግድግዳ አለው እንጂ ጓዳ የለውም፣ ዲኤንኤውም ያለ መጋረጃ መሐል ላይ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። «ባለ አንድ ክፍል ቤት በሉት፤ ኋላ ቀር ነው» አለ።

ቤታችንን የምታውቀው ለሊሴ ከኋላዬ ሳቀች። ከዚያን ቀን ወዲያ ስሜ ተቀየረ።

«ፕሮካርዮት፣ ዛሬ የመጣሽው ከሳሎን ነው ከመኝታ ቤት?»

አንድ ሳምንት ቻልኩት። ዓርብ ማታ ለአዳዳ ሁሉንም ነገርኳትና ትምህርት ቤት ከእንግዲህ አልሄድም አልኳት።

«ይቺ ትንሽ ነገር ትበላለች?» አለች ቅሉን ሳታስቀምጥ።

«ትበላለች።»

«ትወልዳለች?»

«ራሷን ለሁለት ትከፍላለች። ከተመቻት በሃያ ደቂቃ።»

«እኔ ባል ስፈልግ ዕድሜዬ አለቀ። ታዲያ ምን ጎደላት?»

«ጓዳ።»

ሳቀችና እንደ ልማዷ «ዱሪ ዱሪ» አለች፤ ድሮ ድሮ ማለቷ ነው። አንድ ባለጸጋ ክፍሉ የበዛ ቤት ነበረው፤ ቃሉ ከእልፍኙ ወጥቶ በስንት በር፣ በስንት አሽከር አልፎ ነው ሥራ ቦታ የሚደርሰው። ጎረቤቱ ድሃ ሴት ናት፤ አፏ ያለውን እጇ እዚያው ይሰማል። ጎርፍ የመጣ ቀን የባለጸጋው ትእዛዝ ገና በር ሲያንኳኳ፣ ሴትዮዋ ልጆቿን ይዛ ኮረብታው ላይ ወጥታለች።

«ባለጸጋውስ?» አልኳት።

«ቤቱ ጠንካራ ስለሆነ እሱም ተረፈ። ግን ማን ነው ኋላ የቀረው?»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የተዋስኩትን የባዮሎጂ መጽሐፍ ስገልጥ፣ አዳዳ ፊደል ሳትቆጥር የተናገረችው እዚያ ተጽፎ አገኘሁት። በባክቴሪያ ውስጥ የዲኤንኤው መልእክት ገና ተቀድቶ ሳያልቅ ራይቦዞሙ እዚያው ፕሮቲን መሥራት ይጀምራል። በእኛ ሕዋስ ግን መልእክቱ መጀመሪያ ከኑክሌየስ መውጣት አለበት።

ሰኞ ሄድኩ። መምህሩ የሁለቱን ልዩነት ሲጠይቅ ተነሣሁ፤ ባክቴሪያ የኑክሌየስ ሽፋንም ሚቶኮንድሪያም እንደሌለው፣ ራይቦዞም ግን ሁለቱም እንዳላቸው ተናገርኩ። ስጨርስ አልተቀመጥኩም።

«ቲቸር፣ ባክቴሪያ ጓዳ የለውም እንጂ ኋላ አልቀረም። ዲኤንኤው ያዘዘው እዚያው ይሠራል። የምንጠጣውን እርጎ የሚያረጋውም እሱ ነው።»

«መጽሐፉም አሠራሩ ቀላል ነው ይላል» አለ ኮስተር ብሎ።

«ቀላል ይሁን። እርስዎ ያሉት ኋላ ቀር ነው።»

መምህሩ ጠመኔውን በጣቶቹ ሲያገላብጥ ቆየና «ቀላል ብላችሁ አስተካክሉ» አለ። ሃምሳ ደብተር ላይ እስክሪብቶ ሲጭር ሰማሁ። ለሊሴ ስሙን አልተወችም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ስትጠራኝ ቀና ብዬ አቤት እላት ጀመር።

ትምህርቴ ከአሥረኛ ክፍል አላለፈም፤ ትዳር መጣ፣ ልጆች መጡ። ካነበብኩት ብዙው ጠፍቶብኛል። ይሁንና ከልጆቼ ጋር ለጸሎት ቆመን የሚታየውንና የማይታየውን የፈጠረ ስንል፣ እነዚያን ጓዳ የሌላቸውን ፍጥረታት አስባቸዋለሁ። ፈጣሪ እነሱን ሲሠራ እጁ ቸኩሎ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ይምጣ፤ እስኪመሽ እከራከረዋለሁ።