ታጁራን ሸምድጄ መሐል ሜዳ ላይ ቀረሁ

ሻንጣ ይዞ መናኸሪያ መጥቶ «መኪና የለም» ያልተባለ አለ?

እኔም ዛሬ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ተራው ደረሰኝ።

ከተመረቅን ጀምሮ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የጅቡቲን የባሕር ዳርቻ በመኪና ልንዞር ስናቅድ ከረምን። በዚያ ዳርቻ ያለውን የታጁራን ገደልና ጠመዝማዛ መንገድ በካርታ ሸምድጄዋለሁ። ከዚህ ደብረ ብርሃን መድረስን ግን ማናችንም አላቀድነውም!

መንገዱ ተዘግቷል። ጓደኞቼ ደብረ ብርሃን እየጠበቁኝ ነው፤ እስከ ነገ ጠዋት ካልደረስኩ ትተውኝ ይሄዳሉ።

አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ወዴት ነህ ልጄ?» አሉኝ።

«ባሕር ለማየት፣ እማማ።»

«እኔ ለጸበል ወጥቼ እዚሁ መኪና ስጠብቅ ሦስተኛ ቀኔ ነው። አንተ ዛሬ መጥተህ ባሕር አማረህ? ተቀመጥ እንጂ!»

ተቀመጥኩ።

እናንተስ ከመናኸሪያ ሳይወጣ የቀረ ጉዞ አላችሁ? ጻፉልኝ። ወደ ደብረ ብርሃን የሚያልፍ መኪና የሰማ ካለ ግን እሱ ይቅደም።